ጨዋታ ላይ በድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን ኃይል ነበር

እስከ 320 ዋት የሚወስድ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ከገጠምሁ በኋላ፣ ከባድ ጨዋታ በከፈትሁ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኮምፒውተሩ የስህተት መልእክት እንኳ ሳያሳይ፣ ሶኬቱ እንደተነቀለ ሁሉ ድርግም ብሎ ይጠፋ ነበር።

በመጀመሪያ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ፤ ለውጥ አልነበረም። ቀጥሎ ሙቀቱን ጠርጥሬ ከፊት በኩል አየር የሚያስገቡ ሁለት ባለ 140 ሚሊሜትር ፋኖች ጨመርሁ። የካርዱ ሙቀት ከ83 ወደ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ፣ ጫጫታውም ቀነሰ፤ ለፋኖቹ ያወጣሁት ገንዘብ ስለዚህ አይቆጨኝም። መጥፋቱ ግን ቀጠለ።

ፍንጩ የተገኘው አፍተርበርነር በተባለው የግራፊክስ ካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ባደረግሁ ጊዜ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጫወት አንድም ጊዜ አልጠፋም። የነበረኝ ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) በአማካይ ፍጆታ ሲሰላ የሚበቃ ቢመስልም፣ እንዲህ ያሉ ካርዶች ለሚሊሰከንዶች ያህል ከተጻፈባቸው መጠን እጅግ የበለጠ ኃይል ስለሚስቡ፣ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ሥራውን ሠርቶ ኃይሉን ይቆርጥ ነበር። የካርዱን ሁለት ባለ 8 ፒን የኃይል ማስገቢያዎችም ያገናኘሁት ሁለት ጫፍ ባለው አንድ ገመድ ነበር፤ ለየብቻ ገመድ ብሰጣቸውም መጥፋቱ ተራራቀ እንጂ አልቀረም።

ያስቀረው የኤቲኤክስ 3.0 ደረጃን የሚያሟላ፣ ቅጽበታዊ ጭነትን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ባለ 850 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ስትቀይሩ የአሮጌውን ተነቃይ ገመዶች በአዲሱ ላይ አትሰኩ፤ የፒኖቹ አቀማመጥ ሊለያይና ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል።