ዳካር ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ‹‹ደረም››ን እወቁ

የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በገባሁ በሦስተኛው ቀን ቲማቲም ልገዛ ወጣሁ። ገበያው የሚናገረውን ቋንቋ፣ የወሎፍኛን ቁጥሮች ቤት ቁጭ ብዬ ሸምድጃለሁ። ሻጯን ‹‹ኛታ ላ?›› አልኳት፤ ስንት ነው? ማለት ነው። ‹‹ቴሜር›› አለችኝ። ቴሜር መቶ ነው። ባለ መቶ ፍራንክ ሳንቲም ሰጠኋት። እጇን ግን አላጠፈችም። ሳንቲሙን መዳፏ ላይ እንዳለ እያሳየችኝ ‹‹ደረም፣ ደረም›› አለች። ከዚያ ቋጠሮዋን ፈትታ አራት ባለ መቶ ሳንቲም አወጣችና አጠገቡ ደረደረች። አምስት መቶ ነበር ያለችኝ።

ከወሎፍኛ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ገበያ ውጡ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። በወሎፍኛ ገንዘብ የሚቆጠረው በፍራንክ ሳይሆን በደረም ነው። አንድ ደረም አምስት ሴፋ ፍራንክ (የአገሩ ገንዘብ) ነው። ስለዚህ የሰማችሁትን ቁጥር በአምስት ታባዛላችሁ። የምታባዙበት ጊዜ ከሌለ ግማሹን ያዙና አንድ ዜሮ ጨምሩበት። ሦስት መቶ ካሏችሁ ግማሹ መቶ ሃምሳ፣ ከነዜሮው አንድ ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ። እኛ በሰዓት ስድስት ስንደምርና ስንቀንስ ያደግን ሰዎች ነን፤ ይሄም ቶሎ ይለመዳል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሻጩ ዋጋውን በፈረንሳይኛ ከነገራችሁ ማባዛት የለም። ‹‹ሚል›› ካለ ያው አንድ ሺህ ፍራንክ ነው። ያንኑ ሺህ በወሎፍኛ ሲጠራው ግን ‹‹ኛሪ ቴሜር›› ይላል፣ ሁለት መቶ ደረም። አንዳንዱ በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለቱንም ይቀላቅላል። መጀመሪያ ቋንቋውን ለዩ፣ ከዚያ ቁጥሩን።

ቁጥሩ ራሱ ቀላል ነው። ቤን፣ ኛር፣ ኜት፣ ኜንት፣ ጁሮም፤ አምስት ደረሳችሁ። ስድስት ‹‹ጁሮም ቤን›› ነው፣ አምስትና አንድ እንደማለት። ሰባት ጁሮም ኛር፣ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ይደርሳል። አስር ፉክ፣ ሃያ ኛር ፉክ። ሺህ ጁኒ ነው፣ ‹‹ኒ›› ጠበቅ ብላ። ገበያ ላይ ጁኒ ሲባል አምስት ሺህ ፍራንክ መሆኑን እንዳትረሱ። ባለ አስር ሺህ ፍራንኳ ኖት ኛሪ ጁኒ ናት።

የላቲኑን አጻጻፍ እያያችሁ አትጨነቁ። እኔ ደብተሬ ላይ የምጽፈው በፊደላችን ነው፣ ደግሞም ያምርበታል። ‹‹ኝ››ም ‹‹ች››ም አለን። አመሰግናለሁ ‹‹ጀረጀፍ›› ነው፤ የግዕዙ ድምፅ ልክ ቁጭ ይልላታል። ማጥበቅና ማላላቱንም ጆሯችን ያውቀዋል።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ሰላምታ። ይህንን አጥብቄ ነው የምናገረው። ሰላም ሳይሉ ‹‹ስንት ነው?›› ማለት እዚያ ነውር ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ‹‹ሰላማሌኩም›› በሉ፣ ‹‹ማሌኩም ሰላም›› ይሏችኋል። ‹‹ናንጋ ዴፍ?›› ካሏችሁ ‹‹ማንጊ ፊ ረክ›› ብላችሁ መልሱ። ትርጉሙ ‹‹አለሁ፣ እዚሁ ነኝ›› ነው። እኛስ እንዴት ነህ ስንባል ‹‹አለሁ›› አይደል የምንለው? ይህን ስሰማ ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር። በዕድሜ የገፋች ሻጭ ከሆነች ‹‹ያይ›› በሏት፣ እናቴ እንደማለት ነው።

መከራከር ‹‹ዋኻሌ›› ይባላል። ‹‹ዳፋ ጃፌ›› ማለት ተወደደ፣ ‹‹ዋኚ ኮ›› ማለት ቀንሱልኝ ነው፤ ‹‹ኚ››ን ጠበቅ አድርጓት። ፈገግ ብላችሁ በሉት፣ ፊት አታጥቁሩ። ኤች ኤል ኤም ገበያ ጨርቅ ስትገዙ ሳትከራከሩ አትክፈሉ። የሰፈር ሱቅ ውስጥ ግን ዳቦና ስኳር ላይ አትከራከሩ፣ ዋጋው የታወቀ ነው። አትክልት በመደብ ስትገዙ ዋጋው ካልወረደ ‹‹ዮካል ማ›› ማለት ትችላላችሁ፣ ጨምሪልኝ። ምርቃት መጠየቅ መሆኑ ነው።

የዕቃ ስም ቀስ በቀስ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ሶብሌ (ሽንኩርት)፣ ካኒ (ቃሪያ፣ በጣም የሚያቃጥል)፣ ዲውሊን (ዘይት)፣ ያፕ (ሥጋ)፣ ቼብ (ሩዝ) እና ጀን (ዓሣ) ነው። ቼብና ጀን አንድ ላይ ሲሆኑ ‹‹ቼቡ ጀን›› ይሆናሉ፣ ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የአገሩ ምግብ። ለዓሣው ሱምበጁን የባሕር ዳርቻ ወደ አመሻሹ ሂዱ፤ ጀልባዎቹ የሚመለሱት በዚያ ሰዓት ነው።

በመጨረሻም ‹‹ዌቺት››። ዝርዝር ማለት ነው። ጠዋት ባለ አስር ሺህ ኖት ይዛችሁ ሽንኩርት ልትገዙ ብትሄዱ ‹‹አሙል›› ትባላላችሁ፣ የለም። መልሱን ለማምጣት ልጅ ጎረቤት ሱቅ ይላካል፣ እናንተም ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ማታ ከሱቅ ስትመለሱ የሚደርሳችሁን ባለ መቶና ባለ ሃምሳ ሳንቲም ለጠዋቱ ገበያ ለብቻው አስቀምጡት።