ቱቦውን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ

ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ ስልኬ ይጮኻል። ደዋዩ ዳላስ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፤ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጥዷል። «ጋሼ፣ ፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ ይዩልኝ» ይለኛል። ፎቶው ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው፦ ነጭ ጨርቅ ላይ የተጋደመ አሮጌ የጦር ጠመንጃ፣ እንደ ሙሽራ ባማረ ጎኑ ተነሥቶ። እኔም መልሴ አይለወጥም፦ «ጎኑን ተወውና ቱቦውን አሳየኝ።»

ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ዒላማ ተኩስ ይሄዳል። አዲስ ጠመንጃ አይማርከውም፤ የሚወደው ሠራዊቶች ከግምጃ ቤት አውጥተው የሸጡትን አሮጌውን ነው። እኔ ብረት የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው፤ ሶቪየቶች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ቶርኖ ማሽን ፊት ቆሜ። ከዚያ ዐሥራ አራት ዓመት በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠራሁ። አሁን ሽምብጥ ተቀምጬ ጣናን እያየሁ የሰው ጠመንጃ በስልክ እመረምራለሁ። የእሱ ጓደኞችም መጠየቅ ስለ ጀመሩ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር። ይህ ምክር ዒላማ ተኩስ በሕግ የተፈቀደ መዝናኛ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው ነው። እዚህ አገር ተቀምጦ «እኔም አንድ ልግዛ» የሚል ካለ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያንብብ፤ ያለ ፈቃድ መያዙም መነገዱም ወንጀል ነው። ከአዋጁም በላይ፣ በእነዚህ ዓመታት በዚህ ከተማ ሌሊት ተኝቶ የተኩስ ድምፅ የቆጠረ ሰው «ጠመንጃ» እና «መዝናኛ» የሚሉትን ቃላት አጎዳኝቶ ለመናገር አፉ አይታዘዝለትም። እኔ የልጁን ፎቶ የማየው እንደ ቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ብረትና እንጨት።

የመጀመሪያውን ሳይጠይቀኝ ነው የገዛው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ በብዛት ታይተዋል፤ ውጅግራው፣ ቤልጅጉ፣ የጣልያኑ ካርካኖ፣ ሁሉም። አንዱ ሻጭ ታዲያ «ከአድዋ የተማረከ» ብሎ አንድ ቬተርሊ አቀረበለት። ልጁ አድዋ ሲባል ልቡ ቀለጠና ካርዱን አወጣ። ጠመንጃው ከመጣ በኋላ ነው ወደ እኔ የደወለው።

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የነበረው የጣልያን ወታደር በእርግጥ ቬተርሊ ይዞ ነበር፤ የጥይቱ ስፋት ግን 10.35 ሚሊሜትር ነው። የልጁ ጠመንጃ አፈሙዝ ጠባብ ነው፤ ካዝናውም የካርካኖ ነው። ጣልያኖች በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መሣሪያ ሲያጥራቸው አሮጌዎቹን ቬተርሊዎች አውጥተው በውስጣቸው ሌላ ቱቦ ሰክተው 6.5 ሚሊሜትር ጥይት እንዲጎርሱ አድርገዋቸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ከአድዋ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ጣልያን አገር ፋብሪካ ገብቶ የታደሰ ጠመንጃ እንዴት ሆኖ አድዋ ላይ ይማረካል? ወደ እኛ የመጣው በኋላ ነው። የሚያሳዝነው ግን ታሪኩ ብቻ አይደለም። ያ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ዘመን ጥይት ነው፤ የ6.5 ሙሉ ጉልበት ያለውን ጥይት ደጋግሞ የሚችል አይደለም። «አትተኩስበት» አልኩት። ግድግዳ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ሻጭ ታሪክ ሲጀምርላችሁ በትሕትና ስሙትና ሦስት ፎቶ ጠይቁ። አንደኛው፣ መቀርቀሪያው ወጥቶ፣ ከኋላ ነጭ ወረቀት ተደርጎ፣ በመብራት ከአፈሙዙ በኩል የተነሣ የቱቦው ውስጥ ነው። ሁለተኛው የአፈሙዙ ጫፍ ፊት ለፊት። ሦስተኛው የመቀርቀሪያው ፊትና ቁጥሩ። እነዚህን ሦስቱን ለመላክ የሚለግም ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቱቦው ውስጥ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጥሩ ቱቦ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ ቦዮቹ ከአፍ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጡ ይዞራሉ፣ ጠርዛቸውም ስለታም ሆኖ ብርሃኑን በቀጭን መስመር ይይዛል። ጠቆር ብሎ ጠርዙ ግን የቆመ ከሆነ አትሽሹ፤ ብዙዎቹ አሮጌ ጠመንጃዎች እንዲህ ናቸው፣ ሲጸዱም በደንብ ይተኩሳሉ። የሚያስፈራው የሚያበራውና ቦዩ የጠፋው ነው። እሱ በጽዳት ብዛት የተላጠ ነው፤ መወልወያ ዘንጉን ለሃምሳ ዓመት ከአፈሙዙ በኩል ሲሰድድ የኖረ ወታደር ሥራ ነው። ዘንጉ ሁልጊዜ ጫፏን እየፈተገ ስለሚገባ የመጨረሻዋ ሁለት ጣት ቦታ እንደ ማሰሮ አፍ ትሰፋለች። የጥይቱ እርሳስ ቱቦውን ሲለቅ ለመጨረሻ ጊዜ የምትመራው እሷ ናት፤ እዚያ ላይ ከተንገዋለለ ሌላው ሁሉ ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም።

በአካል ካገኛችሁት ቀላል መፈተኛ አለ። መቀርቀሪያውን አውጡ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ ያንኑ ዓይነት ጥይት በእርሳሱ በኩል አፈሙዙ ላይ አስቀምጡት። እርሳሱ ጥቂት ገብቶ ቀለሁ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ከያዘ ጥሩ ነው። ቀለሁ ሄዶ አፈሙዙን ከነካ፣ እንደ ቡሽም ከተንቀሳቀሰ፣ መልሱትና ሂዱ። ቱቦው ውስጥ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የሚታዩ ጉድጓዶችም አሉ፤ እነሱ ዝገት በልቷቸው ያለፉ ቦታዎች ናቸው። ጥቂቶቹን እታገሣለሁ፤ ጥይት በሚጎርሰው ክፍል ውስጥ ከሆኑ ግን ቀለሁን ይዘው አላወጣም ይላሉ፤ እነዚህን አልታገሥም።

የአዳኝ ችኮላ ያለበት ሰው የሚዘላት አንዲት ምርመራ አለች። መቀርቀሪያው ሲዘጋ በፊቱና በጥይቱ ቂጥ መካከል የሚቀረው ክፍተት መጠኑ የተወሰነ ነው። ከሰፋ ቀለሁ በእሳቱ ጉልበት ወደ ኋላ ይለጠጥና ከቂጡ ከፍ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ጋዙ ደግሞ መውጫው ወደ ፊታችሁ ነው። ይህ በዓይን አይታይም። በጌጅ፣ ልኩ በታወቀ የብረት መለኪያ፣ ነው የሚለካው፤ አንደኛው ጌጅ ሲገባ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት፣ ሁለተኛው ሲገባ መዘጋት የለበትም። አሜሪካ ያለ ጠመንጃ ጠጋኝ በትንሽ ገንዘብ ይለካላችኋል። መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ይህ ምርመራ ግዴታ ነው። በእኛ ክፍል ባለፈ ጠመንጃ ላይ ቁጥሩ ሁሉ ገጥሞ ብታገኙ ተደነቁ፤ አምስት ፈትተን አራት ነበር የምንገጥመው። ለሰብሳቢ ይህ ዋጋ ይቀንሳል፣ ለተኳሽ ግን በጌጅ ካለፈ ምንም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በርካሽ መግዣ ነው።

እንጨቱን እኔ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። አንድ ቀን ልጁ የላከልኝ ካርካኖ ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠምጥሞ ነበር። ሻጩ «የተበላሸ እንጨት» ብሎ ዋጋውን ቀንሶታል። ፎቶውን ሳሰፋው ጠፍሩ እርጥብ እንዳለ ተጠምጥሞ የደረቀ መሆኑ ታየኝ፤ እንዲያ ሲደርቅ ብረት ከመታጠቅ አይተናነስም። ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ተሸጉጧል። ከጠፍሩ በታች በቢላ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል አለች፤ አንደኛው ክንዷ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ጠመም ብሏል። የሠራው ሰው አልቸኮለም። ለረጅም ጊዜ ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ቢሆንም «አትግዛ» አልኩት፤ ቱቦው የተላጠ ነበር። ለመስቀሉ ብሎ የሚገዛ ይግዛ፤ ለዒላማ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ማወዳደሩ። ለተኳሽ ዋናው ጥያቄ ጠመንጃው አይደለም፣ ጥይቱ ነው፤ ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት በየሳምንቱ። ውጅግራ ውብ ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ አጉራሽ የፈረንሳይ ግራ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ጥይቱ ግን 11 ሚሊሜትር ስለሆነ ሱቅ ገብታችሁ አታገኙትም፤ ቀለህ አዘጋጅቶ ራሱ የሚሞላ ትዕግሥተኛ ሰው መጫወቻ ነው።

ካርካኖ ርካሽ ነው፤ ሰዎችም ያለ ጥፋቱ ይሰድቡታል። ሁለት ነገር ካወቃችሁለት ጥሩ ነው። አንደኛ፣ ስድስት ጥይት አቅፋ የምትይዘው ቆርቆሮ ከሌለች ካዝናው አይሠራም፤ ቆርቆሮዋ ከጥይቶቹ ጋር ትገባለች፣ ስታልቅ ከታች ትወድቃለች። ሻጩ ካልሰጣችሁ ለብቻዋ ግዙ። ሁለተኛ፣ ስሙ 6.5 ይባል እንጂ እርሳሱ 6.8 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። የሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች እርሳስ 6.7 ነው፤ እሱን ሞልተው ተኩሰው «ካርካኖ አይመታም» የሚሉት ብዙ ናቸው። በ100 ሜትር ብዙውን ጊዜ ከዒላማው በላይ ይመታል፤ ዝቅ አድርጋችሁ አነጣጥሩ።

የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ ዐሥር ጥይት ይጎርሳል፤ መቀርቀሪያውም እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ እጄ ላይ ግን ብዙ አልገባም።

የአሜሪካኑ ጋራንድ የተለየ ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ የዘመተ የአባቴ ጓደኛ ስለ እሱ ሲያወራ እንደ ፈረስ ነበር የሚያሞግሰው። ስምንት ጥይት በየምላጩ ስበት ይተኩሳል፤ ጥይቱ አሜሪካ ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። ሆኖም ለአደን የሚሸጠውን ከባድ ጥይት አታጉርሱት፤ ከጋዙ ኃይል የተነሣ ወደ ኋላ የሚመላለሰውን ዘንግ ያጎብጠዋል። ለጋራንድ ተብሎ የተሠራውን ፈልጉ።

የእኔ ምርጫ ቤልጅግ ነው። የቤልጅግ ፋብሪካ ያወጣው ማውዘር፣ 7.92 ሚሊሜትር፣ አምስት ጥይት። አጭር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲፈታም ልጅ ይገጥመዋል። በኃይለ ሥላሴ ዘመን የመጡት ላይ የአንበሳው ምልክት አለ፤ ሻጮች ለአንበሳው ተጨማሪ ያስከፍላሉ፤ አንበሳው የተፋቀበትን በርካሽ ውሰዱ። አዲስ ጥይት የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ይሠራለታል፤ ለካርካኖም ለሊ ኢንፊልድም እንዲሁ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠሩት የ8 ሚሊሜትር ማውዘር ጥይት ለስላሳ ነው፤ እርሳሱ ጠባብ ለነበረው ለጥንቱ የጀርመን ጠመንጃ ተፈርቶ ነው ጉልበቱ የቀነሰው። ትከሻችሁ ይወደዋል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፤ ዝርዝሩን የክፍለ ግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1898 መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራሉ ሕግ እንደ ቅርስ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራውን ፈቃድ ካለው ነጋዴ ስትገዙ ቅጽ ሞልታችሁ፣ ተጣርታችሁ ነው የምትወስዱት። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን በቤቱ ለመቀበል የሰብሳቢ ፈቃድ አለ፤ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መያዝ እንደማይፈቀድለት አትርሱ። ወዳጅ ሊያስይዛችሁ ቢፈልግም እምቢ በሉ።

ጠመንጃው ቤት ሲገባ በግራሶ ተለውሶ ሊሆን ይችላል። ፈታታችሁ በነጭ ጋዝ (ኬሮሲን) እጠቡት፤ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታስጠጉ። የመቀርቀሪያውን ውስጥ አትዝለሉ። ጥይቱን የሚመታው መርፌ መንገድ ውስጥ የደረቀ ግራሶ መርፌውን ወደ ፊት ቀርቅሮ ሊይዘው ይችላል፤ ሲሞኖቭ በሚባለው የሶቪየት ጠመንጃ ላይ ይህ ሲሆን ምላጭ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል።

አሮጌ የወታደር ጥይት ከተኮሳችሁ ደግሞ በዚያው ቀን እጠቡ። እሳት ጫሪው ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ዘይት ጨውን አያወጣውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ጨው የሚወጣው በሙቅ ውኃ ነው። ጣና ዳር ለሠራ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም፤ ክረምት ላይ ማታ ያጸዳሁት መሣሪያ ጧት ቀይ ብሎ ጠብቆኝ ያውቃል። ሙቅ ውኃ አፍሱበት፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። ዘንጉን ከኋላ በኩል ስደዱ።

ልጁ አሁን ተምሯል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቤልጅግ አወዳድሮ ሁለቱን ራሱ ጥሎ አንዱን ይዞ ቀረ። ያ አንዱ አንበሳው ተፍቋል፣ ሰደፉ ተቧጥጧል፣ ቁጥሩም አልገጠመም። ዛሬ ጧት የላከልኝ ፎቶ ላይ ጠመንጃው አይታይም፤ ጥቁር ክብ አለች፣ መሐሏ ብርሃን፣ ዙሪያዋን አራት ጠርዞች እየተጠማዘዙ ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ሥሯ «ጋሼ፣ ጌጁ ነገ ነው» ይላል።