የአፍ ቁስሌን እንዴት እንዳስታገስኩት

ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥ የወጣች ነጭ ቁስል፣ ዙሪያዋ ቀልቶ፣ በርበሬ የነካው ነገር አላስቀምስ አለችኝ። የሠራልኝ የጨው ውሃ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሟሁ። ከምግብ በኋላና ማታ ተጉመጥምጬ እተፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፤ ቻል ማድረግ ነው። ደረቅ ጨው ወይም ሎሚ ቁስሉ ላይ ማድረግ ግን ራስን ማሰቃየት ነው፣ ማንም ቢመክራችሁ። ሽሮዬን አልጫ አደረግኩ፤ አጥሚቱንም አቀዝቅዤ ጠጣሁ። የጥርስ ሳሙናዬን ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት በሌለው ቀየርኩ። አረፋ የሚያወጣው ይህ ነገር አንዳንድ ሰው ላይ ቁስል ያመጣል። እንዲህ ያለች ትንሽ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት በራሷ ትድናለች፤ እኔ የፈለግኩት እስከዚያ እንጀራ መብላት ነበር። ከ3 ሳምንት ካለፈች ሐኪም ይያት።