በአነስተኛ የአሜሪካ ከተማ መኖርና መነገድ፦ ውል ከመፈረምዎ በፊት

ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከሚኒያፖሊስ ወጥቶ ወደ አነስተኛ ከተማ ለመዛወር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያሰላው የቤት ኪራዩን ልዩነት ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ኪራዩ የረከሰው ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ፣ ለመኖር የሚመቸው ነገር ለመነገድ ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ቢቻል አንድ ዓመት ያህል በከተማው ተቀጥሮ እንዲኖር፣ የበረዶውን ወራት አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ የንግድ ቤት ውል እንዳይፈርም አጥብቄ እመክራለሁ።

ለአብነት ሱ ፎልስን እንውሰድ። ከሳውዝ ዳኮታ ከተሞች ትልቁ ቢሆንም፣ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር 192,517 ነበር። ኑሮው የቆመው በስጋ ማቀነባበሪያው፣ በሁለቱ የሆስፒታል ድርጅቶች በሳንፎርድና በአቬራ፣ እንዲሁም በባንክ ሥራ ላይ ነው፤ ሲቲባንክ የክሬዲት ካርድ ሥራውን በ1981 ወደዚያ ያዛወረው ግዛቱ የወለድ ጣሪያውን በማንሳቱ ነበር። ይህን ማወቅ ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ከተማው በማን ደመወዝ እንደሚተዳደር፣ ደመወዙ በየስንት ጊዜው እንደሚከፈልና ፈረቃ በስንት ሰዓት እንደሚቀየር ያወቀ ሰው፣ ሱቁን መቼ ከፍቶ መቼ መዝጋት እንዳለበት ያውቃል።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ሁለት ነገሮችን ያደላድሉ። አንደኛው መኪና ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ከተሞች አውቶቡስ በማታና በበዓላት ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ የሚያስተማምን መኪና የሌለው ሰው ሥራም ገበያም ይርቀዋል። ሁለተኛው የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ብድርን በጊዜው የመክፈል መዝገብ ነው። ከዚህ የሚወጣው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ ምንም ታሪክ የሌለው ሰው መያዣ አስይዞ በሚወስደው ክሬዲት ካርድ መጀመር፣ ከተፈቀደለት መጠን ጥቂቱን ብቻ መጠቀምና አንዲትም ቀን ሳያሳልፍ መክፈል ይኖርበታል። የክሬዲት ታሪክ የሚመዘግቡት ሦስቱ ድርጅቶች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የያዙትን መዝገብ በነፃ የማየት መብት በፌዴራል ሕግ ስለተሰጠዎት፣ ባንክ ከማየቱ በፊት እርስዎ አይተው ስሕተት ካለ ያሳርሙ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በኪራይ ውሉ ላይ ነው። የንግድ ቤት ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በካሬ ጫማ፣ ለዓመት በሚታሰብ ዋጋ ነው። ቤቱ 1,500 ካሬ ጫማ ሆኖ ዋጋው 12 ዶላር ከተባለ የዓመቱ ኪራይ 18,000፣ የወሩ ደግሞ 1,500 ዶላር ይሆናል። ሆኖም ውሉ «ትሪፕል ኔት» የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ የሕንፃው የንብረት ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ድርሻም በተከራዩ ላይ ስለሚታሰብ፣ ተጨማሪው በካሬ ጫማ 4 ዶላር ቢሆን በየወሩ ሌላ 500 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ወይም ማሞቂያው በጥር ቢሰበር ማን እንደሚያሠራ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይወቁ። አከራዩ በግልዎ ዋስትና እንዲፈርሙ ከጠየቀዎት ደግሞ፣ ድርጅትዎ ቢዘጋ እንኳ ቀሪው ኪራይ ከራስዎ ሊጠየቅ እንደሚችል ይረዱ፤ ቢያንስ ዋስትናው ለመጀመሪያው ዓመት ወይም ለተወሰነ ገንዘብ ብቻ እንዲሆን ይደራደሩ። ውሉን ጠበቃ እንዲያይልዎት የሚከፍሉት ጥቂት መቶ ዶላር በኋላ ከሚመጣው ጣጣ ጋር አይነጻጸርም።

ከመፈረምዎ በፊት ወደ ከተማው የፕላንና የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄደው በዚያ አድራሻ ያሰቡት ሥራ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። የአነስተኛ ከተማ ትልቁ ጸጋ እዚህ ላይ ይታያል፤ ጉዳዩን የሚያውቀውን ባለሙያ ብዙውን ጊዜ በአካል አግኝቶ ማነጋገር ይቻላል። ቀድሞ ልብስ መሸጫ የነበረን ቤት ምግብ ቤት ማድረግ የጭስ መሳቢያ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የቅባት ማጣሪያና ተጨማሪ የእጅ መታጠቢያ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ቀድሞ ምግብ ቤት የነበረ ቤት ይሻላል። እንጀራ የሚጋግር ሰው የኤሌክትሪክ መስመሩ ምጣዶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መሸከም መቻሉን በባለሙያ ያስመርምር። የጤና ተቆጣጣሪው ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቦካ ሊጥ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ሊጡ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ የአሲድነት መለኪያና በየቀኑ የተመዘገበ ውጤት ይዞ የሚጠብቅ ነጋዴ ከብዙ ክርክር ይድናል።

የምዝገባው ሥራ ከሚወራለት ይቀላል። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) የሚመዘገበው በግዛቱ የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የድርጅቱን የታክስ መለያ ቁጥር የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በነፃ ይሰጣል፤ ለዚህ ቁጥር ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ የመንግሥት አይደለም። በተመዘገቡ በሳምንታት ውስጥም የመንግሥት ደብዳቤ የሚመስሉ የክፍያ ጥያቄዎች በፖስታ ይመጣሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደውለው ያረጋግጡ።

ታክሱ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሳውዝ ዳኮታ የግል ገቢ ታክስ የላትም፤ የሽያጭ ታክሱ ግን ከ2023 ጀምሮ 4.2 በመቶ ሲሆን፣ ሱ ፎልስ ውስጥ የከተማው 2 በመቶ ይጨመርበታል፤ ይህም ያልበሰለ አስቤዛን ጭምር ይነካል። በአጎራባችዋ ሚኒሶታ ደግሞ ያልበሰለ ምግብና ልብስ በአብዛኛው ከሽያጭ ታክስ ነፃ ናቸው። ከደንበኛ የሰበሰቡት የሽያጭ ታክስ የእርስዎ ገንዘብ ስላልሆነ በየቀኑ ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውሩት፤ ምንም ያልሸጡበት ጊዜ ቢኖርም ሪፖርቱን ያስገቡ። በግሉ የሚሠራ ሰው ከፌዴራል የገቢ ታክስ በተጨማሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ስለሚከፍል፣ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር የሚከፈለውን ቅድመ ክፍያ ሊዘነጋ አይገባም።

ስለ መነሻ ገንዘብ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎቻችን የምንጀምረው በእቁብ ነው፤ እቁብም ያለ ወለድ የቆመ፣ በመተማመን የሚሠራ ጥሩ ሥርዓት ነው። ነገር ግን እቁብ የደረሰው ሰው 30,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ይዞ ባንክ ሲገባ፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ሲሆን ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል ሲባል ሰምቶ ፈርቶ በየቀኑ 9,000 እያደረገ ሊያስገባ ይችላል። ሪፖርቱ የተለመደ ወረቀት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ሪፖርቱን ለማስቀረት ብሎ ገንዘቡን መከፋፈል ግን፣ ገንዘቡ በላብ የተገኘ ቢሆን እንኳ፣ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያስገቡ፤ የአባላቱን ዝርዝርና የተጣለውን መጠን የሚያሳይ መዝገብም ይያዙ። እቁቡ ካልበቃ፣ በፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ድጋፍ በአገር ውስጥ ድርጅቶች በኩል እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አለ፤ የአነስተኛ ንግድ ልማት ማዕከላትም የንግድ ዕቅድ በማዘጋጀት ረገድ ያለ ክፍያ ያማክራሉ።

ደንበኛን በተመለከተ፣ በአገር ልጅ ብቻ ተማምኖ መክፈት በአነስተኛ ከተማ አያዋጣም። መቶ ወይም ሁለት መቶ ቤተሰብ በርበሬና ቡና ቢገዛ ኪራዩን ይሸፍን ይሆናል፤ ደመወዝ ግን አይሸፍንም። የጾም በያይነቱ ስጋ የማይበሉ ጎረቤቶችን ስለሚስብ በምግብ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይሁን። የጤፍ እንጀራ ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ተስማሚ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ሆኖም በአሜሪካ ብዙ ጋጋሪ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ስለሚቀላቅል፣ ንጹሕ ጤፍ በተለየ ምጣድና ዕቃ ካልተጋገረ በቀር ከግሉተን ነፃ ነው ብለው አይጻፉ፤ የሰው ጤና ነው፣ ከተማውም ትንሽ ነው። የንግድ ምክር ቤቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የአባላት ማኅበር ስለሆነ፣ የአባልነቱ መዋጮ የሚጠቅመው ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ለተዋወቀ ሰው ብቻ ነው።

በር ላይ የጻፉትን ሰዓት ያክብሩ። ከአጎራባች መንደር አርባ ደቂቃ ነድቶ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘ ደንበኛ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ታኅሣሥ 29 ለገና የሚዘጉ ከሆነ፣ በአሜሪካ ቀን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ሊሆን ስለሚችል፣ ከአንድ ሳምንት በፊት በሩ ላይ ይለጥፉ፣ በጉግል ካርታ ላይ ያለውን ሰዓትም ያስተካክሉ፤ በዓሉ ምን እንደሆነም በሁለት መስመር ይጻፉበት።