ሰፊ ሠንጠረዥ ስልክ ላይ እንዲነበብ

ደብረ ብርሃን ላፕቶፕ ላይ የሠራሁት የእህል መዝገብ 17 ዓምድ ነበረው። እነዋሪ ከተማ፣ የእህል መጋዘኑ በር ላይ ግን የሚከፈተው በስልክ ነው። የብዙ ስልኮች ስክሪን ብራውዘር ላይ ወርዱ 360 ፒክስል ገደማ ነው። ለአንድ ዓምድ 90 ብትሰጡት የሚታየው አራት ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መዛኙ አጠገብ ቁሙ። እኔ ግማሽ ቀን ቆሜ አየሁት። የሚፈልገው ስም፣ የእህል ዓይነትና ኩንታል ነው። ቀበሌው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የተመዘገበበት ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። እነሱን ስሙ ሲነካ ብቻ ከሥሩ እንዲዘረጉ አደረግኳቸው።

ስም ግን አደራ፣ አትቁረጡ! ቦታ ልቆጥብ ብዬ ረጅም ስሞችን በሦስት ነጥብ ቆረጥኳቸው። የአያት ስም ጠፋ። በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ገበሬዎች ነበሩና የአንዱ 8 ኩንታል ስንዴ በሌላው ስም ገባ። ሰውየው እስኪስተካከልለት ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ተመላለሰ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን ስምና የአባት ስም ከላይ፣ የአያት ስም ከሥር በሁለተኛ መስመር ይጻፋል።

ሠንጠረዡ ወደ ጎን ሲጎተት የስሙ ዓምድ ካለበት አይነቃነቅ። ኤክሴል ላይ ቢ2ን መርጣችሁ «ቪው» ውስጥ «ፍሪዝ ፔንስ»ን ንኩ፤ ርዕሱም አብሮ ይቆማል። ድረ ገጽ ከሆነ ሠንጠረዡን ለብቻው ወደ ጎን የሚንሸራተት ሳጥን ውስጥ አስገቡት። የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ (ሲኤስኤስ) ውስጥ ለስሙ ዓምድ «ፖዚሽን ስቲኪ» እና «ሌፍት ዜሮ» ስጡት፤ ግራ ዳር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የጀርባ ቀለምም ስጡት፣ አለዚያ ከሥሩ የሚያልፉት ቁጥሮች ስሙ ላይ ይደራረባሉ። ዳር ላይ ያለው ዓምድ ግማሹ ብቅ ብሎ ይታይ፤ ሰው ወደዚያ ሌላ ነገር እንዳለ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋ። «ኩንታል» እና «ብር» በየመስመሩ ሳይሆን አናት ላይ አንዴ ይጻፉ።

ፊደል አሳንሼ ቦታ አገኛለሁ አትበሉ። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ፊደሉ አንሶ ፀሐይ ሲያርፍበት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። እኔ ከ16 ፒክስል አልወርድም። ስትጨርሱ ስልኩን ይዛችሁ ደጅ ውጡና በእኩለ ቀን ፀሐይ አንድ ስም ፈልጉበት።