ጃፓን ገብተው ስለ ቾፕስቲክ ሲጨነቁ ቪዛቸውን የሚያጡ

አዲስ ገቢ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ እጅ መንሳትና ስለ ቾፕስቲክ ነው። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ተክላችሁ አትተዉት፤ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክም ምግብ አትቀባበሉ። ሁለቱም የቀብር ሥርዓትን ያስታውሳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ቪዛ የተከለከለ የለም። ሰው የሚባረረው በሰዓት፣ በአድራሻና በግብር ወረቀት ነው።

28 ሰዓትን እንደ ምክር መቁጠር

ስንት ጊዜ ቢነገርም የማያልቅ ስህተት ይህ ነው። የተማሪ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱን ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ስትገቡ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መጠየቅ ይቻላል፣ በመኖሪያ ካርዱ (ዛይሪዩ ካርድ) ጀርባም ይታተምላችኋል። ጣሪያው በሳምንት 28 ሰዓት ነው።

አንዱ ሁለት ቦታ ይቀጠርና እያንዳንዱ ጋ 20 ሰዓት ይሠራል። ለሁለቱም አሠሪዎች ሕጋዊ ይመስላቸዋል፤ ልጁ ግን 40 ሰዓት ሠርቷል። የሚቆጠረው የሁሉም ሥራ ድምር ነው። ሌላው ሳምንትን ከሰኞ እስከ እሑድ ብቻ አድርጎ ያስባል። ከሐሙስ እስከ እሑድ 28፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ደግሞ ሌላ 28 ሰዓት ይሠራና «በየሳምንቱ ልክ ነኝ» ይላል። ቆጠራው ግን ከየትኛውም ቀን ይጀምራል፤ በተከታታዮቹ ሰባት ቀናት ውስጥ 56 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በቀን እስከ 8 ሰዓት የሚፈቀደው ትምህርት ቤቱ በደንቡ ባወጀው ረጅም ዕረፍት ብቻ ነው፤ መምህሩ ስለቀረ ክፍል የሌለበት ቀን ዕረፍት አይባልም። በቤተሰብ ቪዛ የመጣች ባለቤታችሁ ይህን የዕረፍት ጊዜ ጭማሪ ጭራሽ አታገኝም፤ ዓመቱን ሙሉ 28 ነው።

«ማን ያውቅብኛል?» ይላሉ። ስሌቱን እንሥራው። በሰዓት 1,200 የን የሚከፈለው ተማሪ በ28 ሰዓት በሳምንት 33,600፣ በ52 ሳምንት 1,747,200 የን ያገኛል። የዕረፍቱን ጭማሪ ብትደምሩ ወደ 1.9 ሚሊዮን ይጠጋል። አሠሪው የከፈለውን ደመወዝ ለማዘጋጃ ቤት ያሳውቃል። ቪዛ ለማደስ ወይም ወደ ሥራ ቪዛ ለመቀየር ስትሄዱ ኢሚግሬሽን የግብር ማስረጃችሁን ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ላይ 2.6 ሚሊዮን ተጽፎ ይገኛል። ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይጮኽም። ከሳምንታት በኋላ መልሱ «አልተፈቀደም» ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ኩባንያ የሰጣችሁ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ዋጋ የለውም።

ደግሞም ፓቺንኮ ቤት (የቁማር ማሽን ቤት) ወይም አስተናጋጆች ከደንበኛ ጋር ተቀምጠው የሚያጫውቱበት መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓትም አይፈቀድም፤ ሰሃን ማጠብም ቢሆን። ፈቃዱ ከትምህርት ቤቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ የተመረቀ ወይም ያቋረጠ ሰው፣ ካርዱ ላይ ቀን ቢቀረውም፣ በዚያ ፈቃድ መሥራት አይችልም።

አድራሻን ለነገ ማሳደር

ቤት በያዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ ወረዳው ጽሕፈት ቤት (ኩያኩሾ፣ በሌላ ከተማ ሺያኩሾ) ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወሩ ከአሮጌው መልቀቂያ ማውጣት፣ በአዲሱ በ14 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግድ ነው። ምዝገባው ከ90 ቀን በላይ ያለ በቂ ምክንያት ከቆየ የመኖሪያ ፈቃድን እስከማሰረዝ ያደርሳል። ካርዱንም ሁልጊዜ ያዙት፤ ፎቶው ስልክ ውስጥ መኖሩ አይበቃም።

እዚያው መስኮት ላይ ሳላችሁ ሁለት ነገር ጨርሱ። የጤና መድኅን ውስጥ ስትገቡ ገቢያችሁ ዜሮ ቢሆንም «ዜሮ ነው» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ካላስመዘገባችሁ የመድኅኑ ክፍያ ቅናሽ አይደረግላችሁም። ዕድሜያችሁ 20 ከሞላ ጡረታ መክፈል ግዴታ ነው፤ ተማሪ ግን ክፍያው እንዲዘገይለት ማመልከት ይችላል። ፖስታውን ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት ማመልከት አይደለም።

የሁለተኛው ዓመት ድንጋጤ

የነዋሪነት ግብር (ጁሚንዜይ) የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ነው፤ ከሚታሰብበት ገቢ ወደ 10 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጃፓን ውስጥ ገቢ ካልነበረ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ይህ ግብር አይቆረጥም፤ ሰውም ደመወዙ ይኸው ነው ብሎ ኑሮውን ያደላድላል። ከሁለተኛው ዓመት ጁን ጀምሮ በእጅ የሚገባው ይቀንሳል። ጃንዋሪ 1 ቀን ጃፓን ውስጥ አድራሻ የነበረው ሰው፣ በማርች ወደ አገሩ ቢመለስም፣ ዕዳው አይቀርለትም።

ቆሻሻን በአንድ ፌስታል

ደንቡ በየወረዳው ስለሚለያይ የጓደኛችሁን ሳይሆን የራሳችሁን ሰፈር የቀን መቁጠሪያ ተከተሉ። የሚቃጠለው ብዙ ቦታ በሳምንት ሁለቴ ነው፤ ጠዋት ከ8 ሰዓት በፊት (በእኛ ከሁለት ሰዓት በፊት) ማውጣት ነው፣ ማታ አይደለም፤ ቁራ ይበትነዋል። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑና ወረቀቱ ይነሣል፣ ይለቀለቃል፣ ይጨፈለቃል። የቡና አተላና የወጥ ትራፊ ውሃው ይንጠፍ። የስልክ ባትሪና የኃይል መሙያ (ፓወር ባንክ) ከሌላ ቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ መጣል ግን ነውር ብቻ አይደለም፤ መኪናው ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል።

በቶኪዮ 23ቱ ወረዳዎች ከ30 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ዕቃ ትልቅ ቆሻሻ (ሶዳይ ጎሚ) ነው። ቀን ታስይዛላችሁ፣ ከኮንቢኒ (የሰፈር ሱቅ) የ200 ወይም የ300 የን ተለጣፊ ገዝታችሁ ትለጥፋላችሁ። በማርች ሁሉም ቤት ስለሚቀይር ቀኑ ቀድሞ ይያዛል፤ ከሳምንታት በፊት ደውሉ። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ኤር ኮንዲሽነር በዚህ አይሄዱም፤ ከ2001 ጀምሮ የራሳቸው ሕግና ክፍያ አላቸው።

ቡናና ዕጣን

ቡናችሁን አትተዉ፤ ግን መኝታ ቤት ውስጥ አትቁሉት። የመኝታ ክፍል ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ፣ በሕግ የተገደደ ነው። ወጥ ቤት፣ ከአየር ማውጫው ሥር፣ በትንሽ በትንሹ ቁሉ። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም፤ ጭሱ ይገድላል። የጎረቤት አቤቱታ በር አንኳክቶ አይመጣም፤ በቤቱ አስተዳዳሪ ኩባንያ በኩል ዞሮ በደብዳቤ ይደርሳችኋል። ሲገቡ የግድግዳውን ፎቶ አንሱ፤ ሲወጡ የሽንኩርትና የበርበሬ ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ ከመያዣችሁ ይቆረጣል።

ቋንጣ በሻንጣ አይገባም። የተቀቀለም ቢሆን፣ የላኪው አገር የምርመራ ምስክር ወረቀት የሌለው ሥጋ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 3 ሚሊዮን የን ይደርሳል።

ከጓደኛ የተረከባችሁትን ብስክሌት በስማችሁ አዙሩ። ፖሊስ አስቁሞ የተለጠፈውን ቁጥር ያያል፤ ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ ኮባን (የሰፈር ፖሊስ ጣቢያ) ቆማችሁ ማስረዳት ነው።

ሲሄዱ

የባንክ ሒሳባችሁን ዝጉ። የባንክ ካርዱን ለሌላ መሸጥ ወይም መስጠት ወንጀል ነው፤ ሒሳቡ ለማጭበርበር ከዋለ ተጠያቂ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ቢያንስ ስድስት ወር የከፈላችሁትን ጡረታ አገር ለቃችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከሠራተኞች ጡረታው (በኩባንያ ሲቀጠሩ ከደመወዝ ከሚቆረጠው) ላይ 20.42 በመቶ ግብር ይቆረጣል፤ ይህን የሚያስመልስላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የምትወክሉት የግብር ተወካይ ነው። የቀረውን ጁሚንዜይ የሚከፍልላችሁም ተወካይ ስለሚያስፈልግ፣ ሁለቱንም ሥራ ለአንድ የምታምኑት ሰው ስጡ፤ ከበረራው በፊት።