የፒክአፕ ካሶኒ ልባስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የፒክአፕ ካሶኒን ከጭረትና ከዝገት ለመጠበቅ የሚገባው ልባስ፣ በገበያ ስሙ ቤድላይነር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በውፍረቱ፣ በመልኩና በዋጋው ነው። ልባሱ ተነሥቶ ላሜራው ሲታይ ግን ትልቁ ጉዳት ከላይ በወደቀ ጭነት ሳይሆን በልባሱና በላሜራው መካከል በገባ አቧራና ውኃ የደረሰ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ልባስ ለመግዛት ያሰበም ሆነ የገዛውን ለማስተካከል የሚፈልግ ባለንብረት አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባው ጥያቄ «ከሥሩ ምን ሊገባ ይችላል? የገባውስ በምን ይወጣል?» የሚለው ነው።

በአገልግሎት ላይ የሚውሉት ዓይነቶች በዋናነት አራት ናቸው። የመጀመሪያው በካሶኒው ቅርጽ ተሠርቶ እንዳለ የሚቀመጠው የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው በማሽን የሚረጨው ፖሊዩሪያ ወይም ፖሊዩሬቴን ሲሆን፣ ሦስተኛው ባለንብረቱ ራሱ በሮለር ወይም በአነስተኛ መርጫ ሊቀባው የሚችለው ነው። አራተኛው ወለሉ ላይ ብቻ የሚነጠፈው ወፍራም ጎማ ነው። ከእነዚህ ውጭ ወለሉ ላይ ተጨማሪ ላሜራ የሚያስበይዱ ብዙዎች አሉ፤ ስለ እርሱም በቦታው እንመለከታለን።

ከፕላስቲኩ ሥር ዝገት ሲታይ

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መኪናው ከታጠበ ከሰዓታት በኋላ ከኋላ ስፖንዳው ሥር ቡናማ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ወይም ከታች ሆኖ ወደ ካሶኒው ሆድ ሲታይ ቀለሙ ያበጠ ቦታ ይገኛል። ፕላስቲኩ ሲነሣ ዝገቱ በዘፈቀደ የተበተነ አይሆንም፤ የፕላስቲኩ ሸንተረሮች ላሜራውን በሚነኩበት መስመር፣ በማዕዘኖቹና ብሎን በገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ተሰልፎ ይታያል።

ይህ አቀማመጥ መንስኤውን ያመለክታል። ፕላስቲክ በሙቀት የሚረዝመው ከብረት እጅግ በበለጠ መጠን ነው፤ የባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ካሶኒ ያህል፣ ማለትም 1.5 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ፖሊኢትሊን፣ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲንቀሳቀስ፣ ከሥሩ ያለው ብረት የሚንቀሳቀሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ሥራ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ የሚደርሰው ንዝረት ሲጨመርበት፣ በበጋ ሾልኮ የገባው ደቃቅ አቧራ በሁለቱ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ቀለሙን ያነሣል። ክረምት ሲገባ ያው አቧራ ውኃ ይዞ ጭቃ ይሆንና ካሶኒው ከላይ ደርቆ ሳለ የተራቆተውን ላሜራ ለሳምንታት እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል። ጭነቱ ጨው፣ ማዳበሪያ ወይም ከብት ከሆነ ደግሞ ከሥር የሚገባው ውኃ ተራ ውኃ መሆኑ ይቀርና የዝገቱ ፍጥነት በብዙ ይጨምራል።

መፍትሔው እንደ ዝገቱ ጥልቀት ይለያያል። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ፕላስቲኩን ማውጣት፣ ወለሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ነጩ ብረት እስኪታይ መፈግፈግ፣ ከዚያም ፀረ ዝገት ፕራይመር፣ ቢቻል ባለ ሁለት ውሑድ ኢፖክሲ፣ ቀብቶ የመኪናውን ቀለም መደረብ ይበቃል። ላሜራው ተበልቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ካበጀ በፕራይመር ብቻ የተሸፈነ ዝገት ከሥሩ መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ ዝገቱ ከጉድጓዱ ውስጥ ተፈግፍጎ እስኪወጣ መታገሥ ያስፈልጋል። በጣት ሲጫኑት የሚረግብ ወይም የተበሳ ከሆነ ግን የባትላሜራ ሥራ ነው፤ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል፤ ብየዳው ከታችም ከላይም ይቀባል። በስቱኮ የተደፈነ ቀዳዳ ጭነት አይሸከምም።

በብዙ ቦታ የሚዘወተረው፣ ወለሉን የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ፕላስቲኩን መልሶ ማስቀመጥ፣ መፍትሔ ሊባል አይችልም። ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፤ ከዚህም በላይ ወደፊት የሚረጭ ልባስ ለማስገባት ቢታሰብ ላሜራው ላይ ምንም ነገር እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ፕላስቲኩ ከመመለሱ በፊት በካሶኒው ማዕዘኖች ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች መከፈታቸው መታየት አለበት። ለብሎን በትራፓኖ የተበሱ ቀዳዳዎች ካሉ ጠርዛቸው ይቀባል፤ ፋብሪካው ያኖረው ቀለምና ዚንክ በዚያ ቦታ ስለተቆረጠ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስፖንጅ ከሥር ማንጠፍ ንዝረቱን ቢቀንስም ውኃ ስለሚይዝ ባይደረግ ይመረጣል፤ ፕላስቲኩ ላሜራውን በሚነካባቸው መስመሮች ላይ ግልጽ የቀለም መከላከያ ፕላስቲክ መለጠፍ የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ፕላስቲኩን አንሥቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው፣ ወይም መኪናው በየቀኑ በጠጠር መንገድ እርጥብ ጭነት የሚያመላልስ ባለንብረት ተቀማጭ ፕላስቲክ ባይገዛ ይሻለዋል። የግድ ከገዛም ለመኪናው ሞዴልና ዓመት የተሠራውን ይምረጥ፤ የሌላ ሞዴል ልባስ ተቆርጦ ሲገባ ክፍተቱም መንቀጥቀጡም የባሰ ይሆናል።

የተረጨው ወይም የተቀባው ልባስ ሲላቀቅ

እዚህ ላይ አዲስ ልባስ ለመቀባት ከመቸኮል በፊት የተላቀቀውን ቁራጭ ገልብጦ ማየት ይገባል፤ ጥፋቱ የት እንደሆነ በጀርባው ላይ ይታያልና።

የቁራጩ ጀርባ ንጹሕ ሆኖ ከሥሩ ያለው የመኪናው ቀለም እንዳብረቀረቀ ካለ፣ ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ አልተፈገፈገም፤ ወይም ሰምና የማሳመሪያ ቅባት ነበረበት። ልባሱ የሚይዘው በጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ቁራጩ የመኪናውን ቀለም ወይም ስቱኮ ይዞ ከተነሣ ጉድለቱ የልባሱ አይደለም፤ ከሥር የነበረው የቀድሞ ቅብ ደካማ ነበር ማለት ነው። ዝገት ይዞ ከተነሣ ደግሞ ሠራተኛው በዝገት ላይ ረጭቷል።

በሦስቱም ሁኔታ የተላቀቀው ጠርዝ አጥብቆ የያዘው ክፍል እስኪደረስ ድረስ ተቆርጦ ይነሣል፤ ቦታው በቲነር ተጠርጎ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ የታየው ብረት ፕራይመር ይቀባል፤ ከዚያ እንደገና ይደረባል። ከወለሉ ግማሽ ያህሉ የሚላቀቅ ከሆነ ግን መጠገኑ ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ሁሉንም አንሥቶ ከመጀመሪያው መሥራት ይሻላል።

ልባሱ ሳይላቀቅ አረፋ አረፋ ካበጀ መንስኤው በአብዛኛው እርጥበት ነው። በእነዚህ ልባሶች ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል ከውኃ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል፤ ጤዛ ባለበት ላሜራ ላይ በማለዳ የተቀባ ወይም በክረምት ሳይደርቅ የተሸፈነ ካሶኒ አረፋ ማውጣቱ ስለዚህ ነው። አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላው ወፍሮ ሲደረብም ቲነሩ መውጫ አጥቶ ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል። አረፋዎቹ ተቆርጠው፣ ተፈግፍገው፣ በደረቅ ቀን እኩለ ቀን አካባቢ ስስ አድርጎ በሁለት ዙር ይቀባሉ።

ከቀናት በኋላም እጅ ላይ የሚጣበቅ ልባስ የድብልቅ ስሕተት አለበት። ለምሳሌ ራፕተር የተባለው የዩ-ፖል ምርት የሚደባለቀው 3 እጅ ልባስ ለ1 እጅ ማጠንከሪያ ሆኖ ነው፤ ቁጠባ ተብሎ ማጠንከሪያው ከቀነሰ ቅቡ አይጠነክርም፤ ከላይ ሌላ ቢደረብም ከሥር ያለው እንደላላ ስለሚቀር ተነሥቶ እንደ አዲስ ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለውም።

በማሽን የሚረጨው ፖሊዩሪያ፣ እነ ላይን-ኤክስና ራይኖ ላይኒንግስ የታወቁበት ዓይነት ሥራ፣ ሁለቱ ፈሳሾች መርጫው አፍ ላይ ተገናኝተው በሰከንዶች ውስጥ የሚጠነክሩበት ስለሆነ ውኃም አቧራም የሚገባበት ክፍተት አይተውም። በእኔ አስተያየት በጥሩ ዝግጅት ከተረጨ ለዘወትር የሥራ መኪና ከሁሉም የተሻለው ይኸው ነው። ሆኖም የአይሶሲያኔት ጭጋግ ሳንባን አስቆጥቶ አስም ሊያስከትል ስለሚችል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ብቻ ሸፍኖ የሚረጭ ጋራዥ ከታየ ሥራውን እዚያ አለማሠራት ለሠራተኛውም ለባለንብረቱም ይበጃል።

ጥቁሩ ልባስ ሲነጣ

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ርካሽ የሆነው የአሮማቲክ ዓይነት ፖሊዩሪያ በፀሐይ ጨረር ይደበዝዛል፤ ጨረሩ ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር በደጋ ከተሞች ቶሎ ይታያል። ጥንካሬው ግን ብዙም አይቀንስም። መልኩ የሚያሳስበው ሰው ጨረር የሚቋቋም አሊፋቲክ ቅብ ከላይ ያስደርባል፤ የማያሳስበው ይተወዋል።

ጭነቱ ሲንሸራተትና ወለሉ ሲሰረጎድ

ፖሊኢትሊን ለስላሳ ነው፤ አቧራ ወይም ውኃ ሲነካው ይብሳል። ፍሬን ሲያዝ ሳጥኑ ወደ ጋቢናው፣ ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ ስፖንዳው የሚሮጥ ከሆነ መንስኤው ይኸው ነው። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ከላይ ማንጠፍ ችግሩን ያቃልለዋል፤ ገመድ ማሰሪያ ቀለበቶቹ በፕላስቲኩ ከተሸፈኑም በልካቸው ተቆርጠው መውጣት አለባቸው። ምንጣፍ የማሰሪያ ገመድን አይተካም።

የተረጨ ልባስ ያለበት ወለል ብሎኬት ወይም ድንጋይ ተጥሎበት ሲሰረጎድ ባለንብረቱ ተታልያለሁ ብሎ ያማርራል፤ ነገር ግን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልባስ የሚከላከለው ጭረትን እንጂ ምትን አይደለም። ምትን የሚያበርደው ጎማ ነው፤ ስለዚህ የግንባታ ዕቃ የሚጭን ሰው የተረጨ ልባስና የጎማ ምንጣፍ አንድ ላይ ቢያደርግ ሁለቱንም ያገኛል። ምንጣፉም ሥሩ ውኃ ስለሚያቁር አልፎ አልፎ ተጠቅልሎ መነሣት ይኖርበታል።

ወለሉ ላይ ላሜራ ማስበየድ ምትን በሚገባ ይችላል፤ ነገር ግን የብየዳው ሙቀት ከሥር ያለውን ቀለምና ዚንክ ያቃጥላል፤ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የገባ ውኃም መውጫ የለውም። አሉሚኒየም ከተመረጠ ደግሞ እርጥብ ሲሚንቶ እንደሚበላው፣ ከብረት ጋር በጨዋማ ውኃ ሲገናኝም አሉሚኒየሙ ራሱ እንደሚጎዳ ማወቅ ያሻል። ጨው ለሚጭን መኪና ሁለቱም አይመከሩም።

ጀሪካን ሲሞላ የእሳት ብልጭታ

ይህኛው ምልክቱ እስኪታይ የሚጠበቅ ችግር አይደለም። ቤንዚን በቱቦ ሲፈስ የኤሌክትሪክ ሙል ያፈራል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ቢሆን ይህ የኤሌክትሪክ ሙል ወደ መሬት ይወርድ ነበር፤ ፕላስቲክ ልባስ ላይ ሲቀመጥ ግን መሄጃ አጥቶ ይጠራቀምና የመቅጃው አፍ ሲጠጋው በብልጭታ ይወጣል፤ ብልጭታው የሚፈጠረውም የቤንዚኑ ተን በሚወጣበት አፍ ላይ ነው። የብረት ዕቃ ሲሆን አደጋው ይበልጥ ያሰጋል። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ በዚሁ ምክንያት በደረሱ ቃጠሎዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

መፍትሔው ልባስ መቀየር አይደለም። ዕቃውን ከካሶኒው አውርዶ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ የመቅጃውን ብረት ከዕቃው አፍ ሳያላቅቁ በዝግታ መሙላት፣ ክዳኑን ከዘጉ በኋላ መጫን ነው። በማደያ ወረፋ ሲበዛ ጀሪካኑን ካሶኒው ላይ እንዳለ ማስሞላት የተለመደ ቢሆንም፣ ለጄኔሬተር ወይም ለውኃ መሳቢያ ቤንዚን የሚያመላልሱ ሰዎች በተለይ ሊተዉት ይገባል።

የኋላ ስፖንዳ አልዘጋ ሲልና ልባሱ ሲንኳኳ

ስፖንዳው አልዘጋ ካለ የሚረጨው ልባስ በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ወፍሯል፤ በስለት ይቀነሳል። ተቀማጩ ፕላስቲክ የሚንኳኳ ከሆነ ማያዣዎቹ ላልተዋል ወይም ተሰብረዋል። ጠርዙ ከጎን ስፖንዳዎቹ በላይ የሚታጠፈው ዓይነት ከላይ ከሚገጠም ካኖፒ ጋር ስለማይስማማና ውኃ ስለሚያስገባ፣ ካኖፒ ያለው ሰው ከጠርዙ በታች የሚቆመውን መምረጥ አለበት።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

አዲስ ፕላስቲክ ወይም ትኩስ ጥቁር ቅብ ያለበት አሮጌ ካሶኒ ሲታይ መጠርጠር ተገቢ ነው። ልባሱ ከመነሣቱ በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ የካሶኒውን ሆድ በባትሪ ማየት፣ ማዕዘኖቹን በካቻቢቴ እጀታ መምታትና ድምፁን ማዳመጥ ይቻላል፤ ጤናማ ላሜራ ጥርት ብሎ ሲጮኽ የተበላው ይታፈናል። ማግኔት በማይይዝበት ቦታ ስቱኮ አለ ማለት ነው። እርግጥ አንዳንድ መኪኖች ካሶኒያቸው ብረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ሞዴል ጀምሮ የፎርድ ኤፍ-150 ካሶኒ አሉሚኒየም ነው፤ የቶዮታ ታኮማም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከተቀነባበረ ፕላስቲክ ይሠራ ነበር፤ እነዚህ ላይ ማግኔት አይሠራም። ፕላስቲኩን የያዙት ብሎኖች ጥቂት ስለሆኑ ሁለት ሰዎች በአጭር ጊዜ አውጥተው መመለስ ይችላሉ፤ ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ዋጋው የካሶኒው ወለል እንደዛገ ታስቦ ሊተመን ይገባል።